የላስታ ካብ

ላሊበላ የደረሰ ሁሉ ከዐለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት ያደንቃል። እኔ እዚያው ላስታ፣ ገበሬው በየተረተሩ የደረደረውን የድንጋይ ካብም አብሬ አደንቃለሁ።

ሥራው የሚጀመረው እህል ተወቅቶ ከገባ በኋላ፣ ጥርና የካቲት ላይ ነው። ሁለት ሰዎች በእንጨት ጫፍ ገመድ ወጥረው ይቆማሉ፤ ሦስተኛው መሐል የተንጠለጠለውን ውሃ ልክ እያየ «ከፍ አድርግ፣ ዝቅ አድርግ» ይላል። መስመሩ ከተዛባ ጎርፉ አንድ ቦታ ተጠራቅሞ ካቡን ይንደዋል። መሠረቱ ይቆፈራል፤ ትልልቁ ድንጋይ ከሥር ይገባል፤ ግድግዳው ወደ ዳገቱ ትንሽ ዘንበል ይላል፤ ክፍተቱ በጠጠር ይወተፋል። ሲሚንቶ የለው፣ ጭቃ የለው! ውሃው ሰርጎ ያልፋል፣ አፈሩ ይቀራል። ደለሉ ሲሞላ ካቡ ይደረብበታል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ቁልቁለቱ ደልዳላ ማሳ ይሆናል።

በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ላስታ ያለችበትን ወሎን የመታውን ረኃብ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ካብ ዝናብ አያመጣም። የዘነበችውን ጥቂት ዝናብ ግን ለገብሱና ለጤፉ ሥር ያቆያል። ካቡ ባይኖር አፈሩ በየሸለቆው ተጠርጎ ተከዜ ይገባ ነበር።

አንዳንዱ ካብ በምግብ ለሥራ፣ በኋላም በሴፍቲኔት መርሐ ግብር ተሠራ፤ ሌላው ደግሞ በነፃ ጉልበት። ድንጋዩን በጀርባቸው ተሸክመው ዳገት የወጡትን እናቶች፣ ክረምቱ የናደውን በየዓመቱ መልሰው የሚክቡትን አባወራዎች እጃችሁ ይባረክ እላለሁ።