አስታማሚዋን ማን ጠየቃት?

በቅርቡ ወደ ጽዋ ማኅበራችን የገባች ወጣት፣ ከዝክሩ በኋላ ዕቃ ስናነሳሳ ጠጋ ብላ «እትዬ፣ ፍቅር ሳይሰማኝ የታመመ ልጠይቅ ብሄድ ማስመሰል አይሆንብኝም?» አለችኝ። የዋዛ ጥያቄ አይደለም። ስንት ደግ ሰው ይህንኑ እያሰበ ከቤቱ ሳይወጣ ቀርቷል። እኔ አፌን ሳልከፍት አንድ የማኅበራችን አባት መለሱላት። ማር ይስሐቅንና አረጋዊ መንፈሳዊን ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ልብ አስቀድሞ በጾም በጸሎት ካልነጻ እጅ የሚሠራው ሁሉ ውዳሴ ከንቱ ነው፣ መጀመሪያ ወደ ውስጥሽ ተመልከቺ አሏት።

በዚህ ነገር ከእሳቸው ጋር ተስማምተን አናውቅም። እነዚያ መጻሕፍት የመነኮሳት ናቸው፤ በበአቱ ተዘግቶ ከሐሳቡ ጋር ለሚታገል ሰው የተጻፉ። ልጅ አሳድገን፣ ታክሲ ተሰልፈን፣ ደክሞን ለምንገባ ለእኛ ግን ቶሎ የሚታዘዝልን እግራችን ነው። ልብ ቆይቶ ይደርሳል። አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይደርስም፤ ቢሆንም የተጠማችው ውኃዋን ጠጥታለች። ስድስቱን ቃላተ ወንጌል ስንማር አንድ ነገር እናልፋለን፦ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 በቀኝ የቆሙት ምን እንደተሰማቸው የጠየቃቸው የለም። እንዲያውም መቼ እንዳደረጉት እንኳ አላወቁም።

ዋናው ነገሬ ግን አስታማሚ ናት። ታማሚን ሁሉም ይጠይቃል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሆስፒታሉ ኮሪደር ብርቱካንና ሙዝ በያዘ ሰው ይሞላል። ማክሰኞ ሌሊት ማን አለ? አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፋ ጋደም ያለችው እኅት ብቻ ናት። የደም ናሙና ይዛ የምትሮጠው፣ እዚያ ያልተገኘውን መድኃኒት ከፋርማሲ ፋርማሲ የምታስሰው፣ የታማሚዋን ልብስ የምታጥበው እሷ ናት። «አንቺስ በልተሻል?» የሚላት የለም። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና በአገራችን የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ብቻ ስለነበር፣ ከጎጃም ከባሌ አንድ ዘመድ አስከትሎ የሚመጣው ታማሚ ብዙ ነበር። ያ አንድ ዘመድ በአዲስ አበባ የሚያውቀው ሰው የለውም፤ ቢደክመው የሚተካውም የለም።

እናቷን ይዛ ከጎጃም የመጣች አንዲት ሴት አስታውሳለሁ። ቤቴ ሄደሽ ተኚ፣ እኔ አድራለሁ ብላት እንዴት ትመነኝ? እውነቷን ነው፤ እናቷን ለማታውቀው ሰው ጥላ የምትሄድ ማን ናት? እየተመላለስኩ አብሬያት አመሸሁ፤ ራት እየያዝኩ፣ ሻይ በፔርሙስ እየያዝኩ። በኋላ እሺ ብላ ከልጄ ጋር ሄደች፤ በማግስቱ እስከ ቀትር ተኛች። እናቷ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲቆጡኝ አደሩ። ትራሱን አላውቅበትም፣ ሳገላብጣቸው እጄ ይከብዳል፣ «ልጄን የት አደረስሽብኝ?» ይሉኛል። ያን ሌሊት ፍቅር የሚባል ነገር አልተሰማኝም። ትራሱን ግን ደጋግሜ አስተካከልኩ። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ፍቅር ሲዘረዝር ትዕግሥትን ያስቀደመው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

በቴሌብር ገንዘብ መላክም ፍቅር ነው የሚሉኝ አሉ። ይላኩ፤ መድኃኒት በገንዘብ ነው የሚገዛው። ነገር ግን ገንዘብ ሌሊት ቁጭ ብሎ አያድርም።

ይህን ከሰባኪ አልተማርኩትም። እናቴን ሳስታምም፣ እንቅልፍ አጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ሳለ፣ በጎን ባለው አልጋ ልጇን የምታስታምም አንዲት ሙስሊም እናት ከሰሌኗ ተነስታ እኔን አስተኛችኝ። በሻሿ ሸፍናኝ፣ የራሷን ልጅም የእኔን እናትም ስትጠብቅ አደረች። ግሉኮሱ ሲያልቅ ነርስ የጠራችው እሷ ናት። ትውደደኝ አትውደደኝ አላውቅም፤ እኔ ግን ተኝቼ ተነሳሁ፤ እናቴንም በሰው ዓይን ማየት ቻልኩ። በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ሲሰበክ ብዙዎች ፈውሱን ይሰማሉ። እኔ የምሰማው 38 ዓመት የታመመው ሰው ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው በማጣቱ ማዘኑን ነው። ጠበሉ አጠገቡ ነበር። የጎደለው ሰው ነው።

ለዚያች ልጅም ያልኳት ይህንኑ ነው፤ ስሜቱን አትጠብቂው፣ ሂጂ። እናንተም እሑድን ለሌሎች ተዉላቸውና በሥራ ቀን ከመሸ በኋላ ሂዱ። ለታማሚዋ ብርቱካን ከያዛችሁ ለአስታማሚዋ ራት ያዙ። ነርሶቹን አስፈቅዱ፤ እሷም ስታምናችሁ አንድ ሌሊት በቦታዋ እደሩላት።