«ሳይመሽ በፊት» ስለ ተባለው ፊልም

ባለፈው የክረምት ወራት በሆጤ በሚገኘው ቤቴ የእኅቴ ልጅ «ሳይመሽ በፊት» የተባለውን የውጭ አገር ፊልም በኮምፒዩተር አምጥቶ አሳየን። ንግግሩ እንግሊዝኛ፥ አልፎ አልፎም እስጳንኛ ስለ ሆነ፥ ልጁ እያቆመ ወደ አማርኛ ይመልስልን ነበር። ከእኛም ጋራ አንድ ቄስ ወዳጄ ተቀምጠው ነበርና፥ ታሪኩ እኩሌታ ሲደርስ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፥ «መሪጌታ፥ ይህ ሰው የታሰረው በኀጢአቱ አይደለምን? እንግዲያስ እኛን ምን ያሳዝነናል?» አሉኝ። ያን ጊዜ የምመልሰው ቃል አጣሁ። ከጦሳ የመጣው ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድብ ስለ ነበር፥ ያልሰማሁ መስዬ ዝም አልሁ። ይህን ጽሑፍ መጻፌም ያን ጊዜ ያስቀረሁትን መልስ ለመስጠት ነው።

ፊልሙን ያላየ አንባቢ እንዲከተለኝ ነገሩን ባጭሩ ልንገር፤ የውጭውን አገር ዓመት በፈረንጅ ቍጥር፥ የአገራችንን በዓመተ ምሕረት እጽፋለሁ። ሬይናልዶ አሬናስ በ1943 በኩባ ደሴት በምሥራቁ ወገን፥ ሆልጊን በሚባለው አውራጃ ከድኻ ገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። አባቱ ትቷቸው ስለ ሄደ፥ ያደገው ከእናቱ ጋራ በአያቶቹ ቤት ነው። ገና ልጅ ሳለ ግጥሙን በዛፍ ግንድ ላይ በቢላዋ ይቀርጽ ነበር፤ አያቱም ዛፉን በመጥረቢያ ይቈርጡበት ነበር። ጐረምሳ በሆነ ጊዜ ከባቲስታ መንግሥት ጋራ ይዋጉ ከነበሩት ዐማፅያን ጋራ ተቀላቀለ፤ በ1959 አብዮቱ ድል ሲያደርግም ደስ አለው። አብዮቱም አስተማረው፥ በሃቫና በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትም ሥራ ሰጠው። በ1967 የመጀመሪያው ልብ ወለድ መጽሐፉ ታተመ፤ በአገሩ ሳለ በአገሩ የታተመለትም ይኸው ብቻ ነው። ሁለተኛው ያለ መንግሥት ፈቃድ ባሕር ተሻግሮ በ1968 በፈረንሳይ አገር ታተመ። ከዚያ ወዲያ በክፉ ዐይን ታየ። በ1973 በነውር ክስ ተያዘ፤ አምልጦም በሌኒን ስም በተጠራው መናፈሻ ውስጥ ተሸሸገ። ዳግመኛ ተይዞ በሃቫና ባሕር ዳር ባለው፥ ኤል ሞሮ በሚባለው አሮጌ ምሽግ እስከ 1976 ታስሮ ኖረ። በ1980 ማሪዬል ከሚባለው ወደብ በጀልባ ወደ አሜሪካ ወጣ። በኒውዮርክ በድኽነትና በኤድስ በሽታ ተሠቃይቶ፥ በ1990 ዲሴምበር 7 ቀን ሕይወቱን በገዛ እጁ አሳለፈ። ፊልሙ ስሙን ያገኘው በ1992 ከታተመው የሕይወት ታሪኩ ነው። ደራሲው በመናፈሻው ተሸሽጎ ሳለ መብራት ስላልነበረው፥ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጽፍ ነበርና መጽሐፉን እንዲህ ብሎ ሰየመው።

ፊልሙን በ2000 የሠራው ጁሊያን ሽናብል በሙያው ሠዓሊ ነው፤ ይህም በሥራው ሁሉ ይታያል። በመጀመሪያ የምናየው ሕፃኑ በአፈር ጕድጓድ ውስጥ ሆኖ ነው፤ ድኽነት በብዙ ቃል ሊነገር ሲችል በአንድ ሥዕል ተነገረ። ደራሲውን ሆኖ የሚጫወተው ሃቪየር ባርደም የሚባለው እስጳንያዊ ነው። በዚያው ዓመት በቬኒስ በተደረገው የፊልም ጉባኤ ፊልሙም ተዋናዩም ተሸልመዋል፤ ለባርደም ይገባው ነበር እላለሁ። ፍርሀቱን በፊቱ ሳይሆን በትከሻው ያሳያል፤ ቃል በማልሰማበት ጊዜ እንኳ የሰውየውን ነገር አልሳትሁም።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ጆኒ ዴፕ የሚባለው ተዋናይ ሁለት ሰው ሆኖ መቅረቡ ነው። በመጀመሪያ እስረኛ ሆኖ የደራሲውን ጽሑፍ በማይነገር ስፍራ ደብቆ ከወኅኒ ያወጣለታል፤ ቀጥሎም የጦር መኰንን ሆኖ ያንኑ ደራሲ ይመረምረዋል። በቅኔ ኅብር የምንለው ይህን ነው፤ አንድ ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። በእንዲህ ያለ መንግሥት ሥር የሚኖር ሰው የረዳውንና የከዳውን ለመለየት መቸገሩን ከዚህ አብልጦ የሚያሳይ ስብከት አልሰማሁም።

ነገር ግን ጕድለቱን አልተወውም። ሠዓሊው ዐይን እንጂ ጆሮ የለውም። የኩባውን ሰው በእንግሊዝኛ ማናገሩ፥ በግዕዝ የተቈጠረውን ቅኔ በአማርኛ ብቻ አሰምቶ «ቅኔው ይህ ነው» እንደ ማለት ነው። ከዚህም የሚብሰው፥ ስለ ጸሐፊ የተሠራ ፊልም ሆኖ ሳለ ሰውየው ምን እንደ ጻፈ እምብዛም አለመንገሩ ነው። ያለ ፈቃድ የታተመው ሁለተኛው መጽሐፍ ፍራይ ሰርቫንዶ ስለሚባል የሜክሲኮ መነኵሴ ነው። ይህ መነኵሴ በ1794 ስለ ጓዳሉፔዋ እመቤታችን በሰበከው ስብከት ተከሶ ወደ እስጳንያ ተጋዘ፤ ከእስር ቤት ወደ እስር ቤት ሲዛወርና ሲያመልጥ ኖረ። አሬናስ ይህን ሲጽፍ ገና አልታሰረም ነበር፤ ጽፎ ሲጨርስ የመነኵሴው ዕጣ የእርሱ ሆነ። መነኵሴው ሰም ነው፥ ወርቁ ራሱ ነው። ይህን የመሰለ ቅኔ በእጁ ይዞ ሳለ ፊልሙ በጨረፍታ አልፎት ሄደ፤ ስለ ባሕሩ ዳርቻና ስለ ጐልማሶቹ ገላ ግን ብዙ ጊዜ አጠፋ።

አሁን ወደ ወዳጄ ጥያቄ ልመለስ። አሬናስ ፍቅሩ ለወንዶች እንደ ነበረ በመጽሐፉ አልሸሸገም። የቤተ ክርስቲያናችን ሕግ ስለዚህ ነገር የሚለውን ካህናቱ ያውቃሉ፤ ልጨምርበትም ልቀንስለትም አልተነሣሁም። ነገር ግን የንስሓ አባት የሚሰማው ሌላ ነው፥ የፖሊስ መርማሪ የሚጽፈው ሌላ ነው። የኩባ መንግሥት በ1965 የግዴታ ሥራ ሰፈሮችን አቋቁሞ እስከ 1968 አቆያቸው። ወደዚያም እንደ አሬናስ ያሉትን ወንዶች በብዛት አጋዘ። ዳሩ ግን በዚያው አጥር ውስጥ ከነርሱ ጋራ የተጋዙት ሃይማኖተኞች ነበሩ፤ ኋላ የሃቫና ካርዲናል የሆኑት ሃይሜ ኦርቴጋ በወጣትነታቸው፥ ቄስ ከሆኑ በኋላ፥ በዚያ ታስረዋል። አጥሩን ያጠረው መንግሥት በዐመፀኛውና በካህኑ መካከል ልዩነት አላየም፤ ሁለቱም ለእርሱ ያልተገዛ ልብ ነበራቸውና። ወዳጄ በፊልሙ ላይ ስለዚያ ሰፈር ሲያዩ ካርዲናሉን ቢያስቡ ኖሮ እንደዚያ ባልጠየቁኝም ነበር ይመስለኛል።

ሁለተኛው መልሴ ከአንዲት ፊደል የሚወጣ ነው። በ1980 የማሪዬል ወደብ በተከፈተ ጊዜ፥ መንግሥቱ የማይፈልጋቸውን ሰዎች «ይውጡልኝ» አለ፤ እንደ አሬናስ ያሉትም ከሚወጡት መካከል ነበሩ። ስለዚህ የታሰረበት ነውር የመውጫ ወረቀት ሆነለት። በደራሲነቱ ግን መውጣት አይችልም ነበር፤ ስሙ እንዳይወጡ ከታገዱት ሰዎች መዝገብ ውስጥ ነበረና። እርሱ ምን አደረገ? በይለፍ ወረቀቱ ላይ አሬናስ የሚለውን ስም አሪናስ አደረገው። ሬን ሪ አላት፤ ኃምሱን ሣልስ አደረገ፤ ፈታሹም በመዝገቡ ቢፈልግ አጣውና አሳለፈው። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ነገር ልብ በል። ነውሩን በአፉ የተናገረውን ሰው አሳለፉት፤ መጽሐፍ የጻፈውን ሰው ግን በወደቡ ላይ ይፈልጉት ነበር። በክሱ ወረቀት ላይ የተጻፈው ወንጀልና መንግሥቱ በእውነት የፈራው ነገር አንድ አልነበሩም።

ስለ ንስሓም አንድ ነገር ልበል። በእስር ሳለ መርማሪዎቹ የኑዛዜ ቃል አስጻፉት፤ ኑሮውን እንደሚተው፥ ከእንግዲህም አብዮቱን የሚያመሰግን መጽሐፍ ብቻ እንደሚጽፍ ፈረመ። በ1971 ባለቅኔው ኤቤርቶ ፓዲያ ከታሰረ በኋላ በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ራሱን እንዲከስ ተደርጎ ነበር። በደርግ ዘመን የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ እኛ «ሂስና ግለ ሂስ» እንለው ነበር። የንስሓን መልክ ይዞ ይቅርታ የሌለበት ነገር ነው። ፊደል ካስትሮ ራሳቸው በ2010 ለአንድ የሜክሲኮ ጋዜጣ ሲናገሩ፥ በእንደዚህ ያሉ ሰዎች ላይ ስለ ደረሰው ስደት ኀላፊው እኔ ነኝ ብለዋል፤ አሬናስ ከሞተ ሀያ ዓመት ሆኖት ነበር።

እኛም መንግሥት ሃይማኖትን በትእዛዝ ሲያቀና ምን እንደሚመጣ ከሩቅ አንፈልገውም። ከከተማችን ብዙ በማይርቀው በቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. የተደረገው ጉባኤ በንጉሥ ዐዋጅ ተደመደመ፤ የወሎ እስላም ሁሉም እንዲጠመቅ ታዘዘ። በፍቅር ሊሆን የሚገባው ነገር በሰይፍ ስለ ሆነ፥ ቂሙን አያቶቻችን ሲያወርሱን ኖረዋል። ይህን ሳነሣ ቅር የሚለው አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም።

የኩባም ነገር ለእኛ ባዕድ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን የኩባ ወታደሮች ከእኛ ጋራ ተሰልፈዋል፤ ብዙ ልጆቻችንም ወደዚያች ደሴት ለትምህርት ተልከዋል። ፍልስፍናውም የአንድ ቤት ስለ ነበረ፥ ፊልሙን ሳይ ልቤ ወደ በዓሉ ግርማ ሄደ። በዓሉ በኢሉባቦር ተወልዶ፥ በዊንጌት ትምህርት ቤትና በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፥ በአሜሪካም ጋዜጠኝነት አጥንቶ የተመለሰ ሰው ነው። «ከአድማስ ባሻገር»ን፥ «የኅሊና ደወል»ን፥ «የቀይ ኮከብ ጥሪ»ን፥ «ደራሲው»ን ጻፈ። በማስታወቂያ ሚኒስቴርም ትልቅ ሹመት ነበረው። እንደ አሬናስ ሁሉ እርሱም መጀመሪያ የአብዮቱ ሰው ነበር። በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ ለተደረገው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከተላኩት አንዱ ሆኖ ሄደ፤ ከዚያ ያየውንም በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ብሎ አወጣው።

የመጽሐፉ ስም ከጣሊያንኛ ወደ አሥመራ ሰው አፍ የገባ ቃል ነው፤ «አበቃ፥ ከእንግዲህ ወዲያ የለም» ማለት ነው። ዘመቻው ገና ድል ይባል በነበረበት ጊዜ መጽሐፉን በዚህ ቃል መሰየም ድፍረት ነው። በመጽሐፉም የቴሌቪዥን ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም ያያል፥ ያፈቅራል፥ ይጠራጠራል፤ ባለሥልጣኖቹም ስማቸው ተለውጦ እንኳ ራሳቸውን ያገኙበታል። በቅኔ ሚዛን ከመዘንሁት፥ በዓሉ በዚህ መጽሐፍ ሰሙን እጅግ አሳሳው፤ ወርቁ ከውጭ ይታያል። ለሥነ ጽሑፉ ጕድለት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም አንድ ወቅት እንዲህ እል ነበር። አሁን ግን ሆን ብሎ ያደረገው ይመስለኛል፤ ሰም ማብዛት ለሚያውቅ ሰው ማሳሳቱ ምርጫ ነውና።

መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉም ከሹመቱ ተባረረ። በየካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ማታ ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ በቃሊቲ በኩል ቆማ ተገኘች። ክስ አልቀረበበትም፥ ዳኛ አላየውም፥ መቃብሩም አይታወቅም። ለአሬናስ የነውር ክስ ተፈልጎለት ነበር፤ ለበዓሉ ግን ያም አላስፈለገም። ፓትርያርካችንን አቡነ ቴዎፍሎስን በ1971 ዓ.ም. የገደለውም ይኸው መንግሥት ነው። እንግዲህ ቄሱ ወዳጄ፥ ደራሲውን በኀጢአቱ ፓትርያርኩን በምን ያዟቸው?

የኀይሌ ገሪማ «ጤዛ» ያን ዘመን በመልካም አሳይቶናል፤ ነገር ግን የእርሱ ባለ ታሪክ ሐኪም እንጂ ደራሲ አይደለም። የበዓሉን የመጨረሻ ማታ በዚህ ዐይነት የሚያሳይ ፊልም እኔ አላየሁም። «ኦሮማይ» ራሱ በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ በ2025 በውጭ አገር ታትሟል፤ አሁን የሩቁ ሰውም ያነበዋል።

እኔ መጽሐፉን ያነበብሁት በዋድላ የቅኔ ተማሪ ሳለሁ ነው። አንድ ጓደኛችን ከከተማ በፎቶ ኮፒ የተባዛውን አምጥቶ በደበሎው ውስጥ ደብቆት ነበር። ቀን ቅኔ ስንቈጥር እንውላለን፥ ማታ ለየኔታ እንነግራለን፥ ከዚያ በኋላ በጭላንጭል እንቀባበለዋለን። አንድ ቀን የኔታ አገኙብን። ገልጠው ጥቂት አነበቡና፥ «የጻፈው የት አለ?» አሉ። «ጠፋ ይባላል የኔታ» አልናቸው። ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱልንና፥ «አንተ ቅኔህን በልብህ ያዝ» ብለው ገቡ። ያን ጊዜ ቍጣ መስሎኝ ነበር። አሬናስ «ዳግመኛ ባሕሩ» የተባለውን መጽሐፉን ሁለት ጊዜ ጠፍቶበት ሦስተኛ እንደ ጻፈው ባወቅሁ ጊዜ ግን፥ የኔታ ስለ ምን እንደ ተናገሩ ገባኝ። የቅኔ ተማሪ ወረቀት የለውም፤ ቤቱ ቢፈተሽ የሚገኝበት ደበሎና አኰፋዳ ነው።

ለቄሱ ወዳጄ «ኦሮማይ»ን አዋስኋቸው። ባለፈው ቅዳሜ ሲመልሱልኝ ስለ ፊልሙ አላነሡም። ጥቂት ተቀምጠው፥ «ለዚህ ሰው ፍትሐት ተደርጎለት ይሆን?» አሉኝ። «ሬሳው ሳይገኝ?» አልኋቸው። «ሬሳው ባይገኝስ፥ አርባው ከየትኛው ቀን ይቈጠራል?» አሉ። እኔም፥ «ከየካቲት ስድስት ነዋ» አልሁ። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና፥ «እርሱ ከቤቱ የወጣበት ቀን ነው እንጂ» አሉኝ።