ሳያውቁ መመልከት፤ በትርኢት አዳራሽ ስለሚታይ የሙከራ ፊልም

በትርኢት አዳራሽ የሚታየው የሙከራ ፊልም በሲኒማ ቤት ከሚታየው በብዙ ነገር ይለያል። ሲኒማ ቤት የገባ ሰው በተወሰነ ሰዓት ይቀመጣል፤ ታሪኩም ከመነሻው እስከ ፍጻሜው በተራ ይነገረዋል። በትርኢት አዳራሽ ግን ተመልካቹ በፈቀደው ጊዜ ገብቶ ሥራውን ከመካከሉ ያገኘዋል፤ ሥራው ባለቀ ጊዜ እንደ ገና ይጀምራል፤ ብዙውን ጊዜም በቅደም ተከተል የሚነገር ታሪክ የለውም። የዚህ ዓይነቱ ጥበብ ከተለመደው ሲኒማ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ለመረዳት፣ አሜሪካዊው አንዲ ዋርሆል እ.ኤ.አ. በ1964 የሠራው «ኤምፓየር» ከስምንት ሰዓት በላይ የሚያሳየው አንድ የኒው ዮርክ ሕንፃ ብቻ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

ስለዚህ ጥበብ ምንም ያልተማረ ሰው እንዲህ ያለውን ሥራ ቢያይ ምን ይጠቀማል? ለጥያቄው ሁለት መልሶች ይሰማሉ። አንደኛው፣ አስቀድሞ ካልተብራራለት በቀር ያላወቀ ሰው በከንቱ ይደክማል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ እውነተኛ ጥበብ ለሁሉ ራሱ ይናገራልና ማብራሪያ ከቶ አያስፈልገውም ይላል። ሁለቱም «ያላወቀ ተመልካች» የሚባል አንድ ዓይነት ሰው አለ ብለው ሳይመረምሩ ይነሣሉ። ስሕተታቸውም ከዚሁ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ተወላጆች የሠሯቸው ሁለት ሥራዎች ጉዳዩን ግልጥ ያደርጉታል።

በአዲስ አበባ የተወለደው ኤዝራ ውቤ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው «ሒሳብ» በአንድ ሸራ ላይ እየተሣለ፣ እያንዳንዱ ለውጥ ፎቶግራፍ እየተነሣ፣ በላዩም ሌላ እየተሣለበት የተፈጠረ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው። መነሻው አህያ፣ ውሻና ፍየል በታክሲ ስለ መሳፈራቸው የሚነገረው የከተማ ተረት ነው። አህያዋ ሒሳቧን አስተካክላ ስለ ከፈለች መኪና ሲመጣ ከመንገድ አትነሣም፤ ፍየሏ ሳትከፍል ስለ ወረደች መኪና ስታይ ትሸሻለች፤ ውሻው መልሱን ስላልተቀበለ መኪና እያባረረ ይጮኻል። ይህ ሥራ በኒው ዮርክ ቢታይ፣ የፊልምን ታሪክ ጠንቅቆ የተማረ ነገር ግን ተረቱን ያልሰማ ሊቅ እንስሳቱ ለምን እንደሚሳፈሩ አይገባውም። በወልቂጤ መናኸሪያ ያደገ ልጅ ግን ርእሱን እንደ ሰማ ይስቃል። እንግዲህ ያላወቀው ማነው?

ይሁን እንጂ ዕውቀት በር እንደሚከፍት ሁሉ ይዘጋልም። ተረቱን የሚያውቀው ሰው «ይህንማ አውቀዋለሁ» ብሎ ዓይኑን ሊያነሣ ይችላል፤ እያንዳንዱ ሥዕል በሚቀጥለው ሥዕል ሥር እየተቀበረ እንደሚሄድ፣ በመጨረሻም በሸራው ላይ የሚቀረው የኋለኛው ብቻ መሆኑን ላያስተውል ይችላል። የሥራው ብርቱ ነገር ያለው ግን በዚህ መሰረዝና መተካት ውስጥ ነው፤ ተረቱን ያልሰማው እንግዳ ምናልባት ይህን ቀድሞ ያየው ይሆናል።

ሁለተኛው ሥራ በለንደን የተወለደው፣ የታሪክ ጸሐፊው የተክለ ጻድቅ መኩሪያ የልጅ ልጅ ቴዎ እሸቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ያቀረበው «የአክሱም ሐውልት መመለስ» ነው። በ15 የቴሌቪዥን መስኮቶች የሚታየው ይህ ሥራ አደራደሩን የወሰደው የንግሥተ ሳባን ታሪክ በየክፍሉ ከፋፍለው ከሚያሳዩት የአገራችን ሥዕሎች ነው። እነዚያን ሥዕሎች የለመደ ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከመስመር ወደ መስመር እያነበበ ይሄዳል። የቴዎ መስኮቶች ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚንቀሳቀሱ ዓይን ተራውን ይዞ ሊከተላቸው አይችልም። በዚህም የለመደው ሰው ካልለመደው ይልቅ ይቸገራል። ደግሞም ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ1937 በፋሺስት ኢጣልያ ተወስዶ በ2005 እንደ ተመለሰ፣ በ2008ም እንደ ገና እንደ ቆመ የማያውቅ ተመልካች የድንጋዩን ክብደትና የሠራተኞቹን ጥንቃቄ ያያል እንጂ በደሉን አያይም። ይህ የሥራው ጉድለት ሊባል ይገባዋል፤ ነገር ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚሞላ ጉድለት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ፍርድ ዜናንና ፍቺን መለየት ነው። ሥዕሉ ራሱ ሊሰጠው የማይችለው፣ ለምሳሌ የሐውልቱ መወሰድ፣ ዜና ነው፤ ለተመልካቹ በአጭሩ ቢነገረው አይጎዳውም። የሥራው ምሥጢር ምን እንደሆነ መንገር ግን ፍቺ ነው፤ ይህ ከቀደመ ተመልካቹ ያነበበውን በሥዕሉ ውስጥ ከመፈለግ በቀር ሌላ አያይም። በአገራችን «እንቆቅልህ» ያለ ጠያቂ መልሱን አያስቀድምም። ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ አለማወቁን ሳያፍር ይናገራል፤ ሞክሮ ሲያቅተው ብቻ አገር ይሰጣል፤ መልሱንም ይሰማል። የሙከራ ፊልም እንደ እንቆቅልሽ አንድ ቍርጥ መልስ ባይኖረውም ሥርዓቱ ግን ይስማማዋል።

ነገሩ ከአዲስ አበባ ውጭ ሲታሰብ ይበልጥ ይከብዳል። በኤዝራ ውቤ መሥራችነት እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው የአዲስ ቪዲዮ አርት ፌስቲቫል ሥራዎችን ከአዳራሽ አውጥቶ በሕዝብ ስፍራ አሳይቷል። እንዲህ ያለው ትርኢት ወደ ጉብሬ ቢመጣ የሚጠብቀው ባዶ ተመልካች አይደለም። በዚያ የሚገኘው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍል የመጡ ናቸው፤ አንዱ የሚያውቀውን ሌላው አያውቅም። በአካባቢው የጉራጌ መንደሮች ደግሞ ቤቶቹ በሁለት ወገን ፊት ለፊት የተሠሩበት ሰፊው ባለ ሣር ጎዳና፣ ጀፎረ፣ ሠርግም ለቅሶም ሸንጎም የሚደረግበት ስፍራ ነው። ጉባኤውን ከመካከሉ ያገኘ መንገደኛ የተጻፈ መግለጫ አይሰጠውም፤ ከሰዉ አቋምና ከድምፁ ይገምታል፤ ያልገባውንም አጠገቡ ያለውን ይጠይቃል። የትርኢት አዳራሽ ጸጥታ የከለከለው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ አዘጋጆች ዜናውን በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ አሳጥረው ቢለጥፉ፣ ፍቺውን ግን እስከ ትርኢቱ ፍጻሜ ቢያቆዩ፣ ተመልካቾችም እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩ ቢፈቅዱ ይሻላል። የሕዝብን ባህል የሚያጠኑ ሰዎችም ማብራሪያ ከመሰጠቱ በፊት ተመልካቹ የተናገረውን በራሱ ቃል ቢመዘግቡ ለሂስ አዲስ መሠረት ይገኛል። ይህ ሳይሆን ቀርቶ ማብራሪያው ሁልጊዜ የሚቀድም ከሆነ፣ ተማሪው የገዛ ዓይኑን መጠራጠር ይለምዳል፤ የአማርኛ ሂስም በሌላ አገር የተጻፈ መግለጫ ተርጓሚ ሆኖ ይቀራል።