ሰብለ ወንጌል ከአሞራ ገደል ስትታይ

ባለፈው ቅዳሜ ጧት አሞራ ገደል ተሰብስበን፣ አባ ኮዳ የአሳ ጭንቅላት እስኪወረወርለት አጠገባችን ቆሞ፣ ሾርባችንን ፉት እያልን ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ስንከራከር አንድ ጓደኛችን «ሰብለ የምትወደደው ስለማትለወጥ ነው» አለ። ብዙዎቻችን ራሳችንን ነቀነቅን። በኋላ ግን ነገሩ አልዋጥ አለን። ይህን ሂስ ያስጻፈንም እሱ ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙት ወዲህ ብዙ ተብሎበታል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያለቀሰው አድማጭም ቁጥር የለው። የተለመደው ሂስ የባላባቱን ሥርዓት ማጋለጡን ያነሳል። እውነት ነው፤ አንደግመውም። እኛን የገረመን ሌላ ነው፤ በልቦለዱ ውስጥ መከራ የሚጠሩት ነገር ሁሉ ባለበት ይርጋልን የሚሉት ሰዎች መሆናቸው።

ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን እንውሰድ። ልጃቸውን ሞት እንዳይነጥቃቸው ፈርተው ለእግዚአብሔር ተሳሉ። ስለቱ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ማን ይፈርድባቸዋል? ይሁን እንጂ የጎልማሳውን ሰው ልብ ገና በሕፃንነቱ ቆርጠው አስቀመጡለት። በዛብህ አደገ፣ ልቡም ሌላ ወደደ፤ ስለቱ ግን እዚያው ቆሞ ጠበቀው። ፊታውራሪ መሸሻም ለልጃቸው የሚመጥን ዘር አጣሁ እያሉ ጋብቻዋን ሲያጓትቱ ዕድሜዋም አብሮ የሚቆምላቸው መስሏቸዋል። የድኻው ስለትና የባላባቱ ኩራት አንድ ግቢ ውስጥ ሲገናኙ፣ እንግዲህ ጉድ ፈላ!

ጉዱ ካሳስ? ለውጥ እንደማይቀር አጥርቶ ያየው እሱ ነው። ዳሩ ግን ያየውን ይዞ ከሰው ጋር የሚኖርበትን መላ አላገኘም። ከመካከላችን ካሳን አርአያ የሚያደርጉ አሉ፤ እኛ እናዝንለታለን እንጂ አንቀናበትም።

ሰብለ ግን እመቤት ነበረች፤ የድኻ ልጅ ተማሪ ሆነች፤ የወደደችውን ፍለጋ የመነኩሴ ልብስ አጥልቃ አገር አቋረጠች፤ በመጨረሻም በእውነት መነኮሰች። ታዲያ ያልተለወጠችው የቱ ላይ ነው? ፍቅሯ የጸናው ማዕረጓንና ቤቷን ለመጣል ስላልሰሰተች ነው።

ሐይቁም ይህንኑ ይመስላል። የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ በዓይን የሚታይ መውጫ ግን የለውም። እንዲህ ያለ ውሃ እንደ ሻላ መምረር ነበረበት። ሆኖም ከሥር ስለሚሰርግ ቆሮሶውም አምባዛውም ይኖርበታል። ረግቶ የቆመ ይመስላል እንጂ ሲሞላም ሲጎድልም ታይቷል፤ በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ሞልቶ ከተማዋን አስግቷታል። በአንጻሩ ከጥቁር ውሃ በላይ የነበረው የጨለለቃ ሐይቅ ዛሬ ረግረግ ሆኗል። አሳ አጥማጁ ጀልባውን የሚያስረው ውሃው ዘንድሮ በደረሰበት ነው እንጂ አምና በነበረበት አይደለም።

በደራሲው ላይ አንድ ቅሬታ አለን። ሰብለን ያን ያህል ካስኬዷት በኋላ ሦስቱንም በአንድ መቃብር አሳረፏቸው። አንባቢ እዚህ ላይ ያለቅሳል፤ እኛም አልቅሰናል። ግን እንባው ውስጥ አንድ ዕረፍት እንዳለበት እንጠረጥራለን፤ ከእንግዲህ የሚለወጥ ነገር የለማ! መጽሐፉ ስንት ገጽ ሙሉ የተሟገተውን፣ መጨረሻው ለቦጋለና ለፊታውራሪው መልሶ የሰጠ ይመስለናል።

ይህን የምንለው ከደሙ ንጹሕ ሆነን አይደለም። አራታችን ዘንድሮ እንመረቃለን። በዚያው ጧት «ቡለቲኑ ስሙም፣ ዓምዶቹም፣ አቋሙም እንዳይለወጥ» የሚል ቃል ኪዳን በደብተር ወረቀት ጽፈን ስድስታችንም ፈርመንበታል። ሂሱን ከጨረስን በኋላ ወረቀቱን አውጥተን ደግመን ብናነበው የውድነሽ ስለት መስሎ ታየን። ሁለቱ አሁንም «አይቀደድም» ብለዋል። በመጪው ቅዳሜ ወረቀቱን ይዘን እዚያው አሞራ ገደል እንገናኛለን፤ አዲስ ገቢዎች በተለይ እንዳትቀሩ፣ ነገሩ የእናንተ ነው። ሾርባው በእኛ።