የቅዳሜና እሑድ አገር

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሁለት መቶ ገጽ ገደማ የሚሆን ጥራዝ በፌስታል ቋጥሮ መጣ። «ጋሼ፣ ላሳትመው ነው፤ መቅድም ይጻፉልኝ» አለኝ። ማስተማር ከተውኩ ወዲህ መቅድም ጻፍልን የሚሉኝ ሰዎች በርክተዋል። አብዛኛውን ጊዜ እምቢ አልልም። መቅድም እንደ ሰርግ ጥሪ ነው፤ ከቀረህ ትቀያየማለህ፣ ከሄድክ ደግሞ ወጡ ቢጨውም «ጣት ያስቆረጥማል» ማለት አለብህ።

ልጁ የአውሮፓ ኅብረት በ2004 እ.ኤ.አ. በጀመረው ኤራስመስ ሙንዱስ በሚባለው የነፃ ትምህርት ዕድል ፈረንሳይ ሄዶ ሁለት ዓመት ተምሯል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ትምህርት፣ ቅዳሜና እሑድ ጉዞ። የሼንገን ፈቃድ የያዘ ሰው ከአገር አገር እንደ ጎረቤት ይሻገራል። ርካሽ የሌሊት አውቶቡስ አለ፣ ስድስት ሰው በአንድ ክፍል የሚያድርበት ማደሪያ አለ። ታዲያ ልጄ አንዷንም ሰንበት አላባከናትም። ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ አምስተርዳም፣ ባርሴሎና፣ ሮም... አሥራ አንድ ከተማ፣ አሥራ አንድ ምዕራፍ።

ጥራዙን በሁለት ማታ ጨረስኩት። እስከ አርባኛው ገጽ ድረስ «አስደናቂ» የምትለዋን ቃል በእርሳስ አሰመርኩባት፤ ሃምሳ ሦስት ላይ ስደርስ እርሳሱን አስቀመጥኩት። ሕንፃው አስደናቂ ነው፣ ድልድዩ አስደናቂ ነው፣ የባቡር ጣቢያው አስደናቂ ነው። ሰው ግን የለም። ሰው ካለም ፎቶ እንዲያነሳው ካሜራውን የሰጠው መንገደኛ ነው። የኤፍል ማማ ቁመት አለ፤ የጠራጊው ደሞዝ የለም። ልጁ ያየውን ሳይሆን፣ ማየት እንዳለበት የተነገረውን ነው የጻፈው።

ቀድሞ የሄዱት እንዲህ አልነበሩም ልበል? ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪን ተከትለው አውሮፓን ሲዞሩ ያዩትን በ«ደስታና ክብር» መዝግበዋል። ኋላም ጃፓን ደርሰው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጽፈዋል። ጀርመን አገር የተማሩት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ደግሞ የጉዞ መጽሐፍ እንኳ አልጻፉም፤ የጻፉት ስለ መንግሥትና ስለ ሕዝብ ሀብት ነው። ጥሬ ዕቃ ሸጦ በእውቀት የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ለምን እየደኸየ እንደሚሄድ ጠየቁ። እነዚያ ሰዎች አውሮፓን ሲያዩ አንድ ጥያቄ ያንገበግባቸው ነበር፤ «እኛስ?» የሚል። አልሸሽግም፣ ይህ ጥያቄ አንዳንዴ የራስን ወደ መናቅ ወስዷቸዋል። ቢሆንም ጥያቄ ነበራቸው። የኔው ተማሪ ግን ጥያቄውን ከሻንጣው ጋር ቦሌ ላይ አስመዝኖ የተወው ይመስላል።

ይህን ሁሉ ልነግረው ተዘጋጅቼ ሳለ ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ ደረስኩ። ሊዮን።

ሊዮን የሐር ከተማ ናት። ላ ክሯ ሩስ የሚባል ኮረብታ አላት፤ ካኑ የሚባሉት የሐር ሸማኔዎች ይኖሩበት የነበረ ሰፈር ነው። ቤቶቹ ጣሪያቸው ከፍ ያለ ነው፤ ከ1804 እ.ኤ.አ. በኋላ የተስፋፋው የጃካርድ መሣሪያ ረጅም ስለሆነ ዝቅ ያለ ቤት አይበቃውም። ዛሬ እዚያ አሮጌውን መሣሪያ የሚያሳይ ሙዚየም አለ። ልጃችን የመግቢያውን ከፍሎ ገብቷል። ከዚያም እንዲህ የሚል ሐሳብ አስፍሯል፤ ሰው በእጁና በእግሩ እንዲህ ያለ ጥበብ ሲሠራ በዓይኔ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፣ አስደናቂ ነው።

መነጽሬን አወለቅሁ። ይህ ልጅ የተወለደው ሽሮሜዳ ነው። አባቱ ዶርዜ ናቸው፤ ሸማኔ። ልጁን ለዩኒቨርሲቲ ያበቃው የእሳቸው መወርወሪያ ነው።

ጠርቼ ጠየቅሁት። ረጅም ጊዜ ጠረጴዛውን ሲያይ ቆየና፣ «ጋሼ፣ እኔ ‹የሸማኔ ልጅ› እየተባልኩ ነው ያደግኩት። አውሮፓ ስሄድ እንደዚያ የሚለኝ ሰው አልነበረም። በመጽሐፌ ላይ ራሴ ልበለው እንዴ?» አለኝ።

መልስ አጣሁ። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። አዋጁ ምላሳችንን ትንሽ ገርቶት ይሆናል፤ ዓይናችንን ግን አልገራውም። እኔስ ብሆን? ክፍል ውስጥ ስንቴ ነው «ደራሲ ቃላትን ይሸምናል፣ ድርና ማጉን ያዋድዳል» እያልኩ የተራቀቅሁት! ልጁ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ይሰማኝ ነበር። መሸመን ምን እንደሆነ ከእኔ አብልጦ የሚያውቀውን ሰው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም። ሽመናን ለምሳሌ ወደድኩት፤ ሸማኔውን ግን እኔም አላየሁትም።

እንዲህ ተኮራርፈን ሳንለያይ፣ «አባዬ ለመስቀል ዶርዜ ይወርዳል፣ ለምን አብረን አንሄድም?» አለኝ። ሄድን።

ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ አንድ ሙሉ ቀን ነው። ከዚያ ወደ ጨንቻ የሚወጣውን ዳገት ስትይዙ አባያና ጫሞ፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚሉት ሸንተረር ከታች ተዘርግተው ይታያሉ። ሙቀቱ ወደ ብርድ ይቀየራል፣ ሙዙ ለእንሰትና ለቀርከሃ ቦታ ይለቃል። መንገዱ ዳር ሕፃናት የቱሪስት መኪና ባዩ ቁጥር እየተገለባበጡ ይጨፍራሉ። በመስቀል ሰሞን ግን ዳገቱን የሚሞላው ቱሪስት አይደለም። አዲስ አበባና ሌላም ከተማ ተበትኖ የከረመው የጋሞ ሸማኔ ወደ አገሩ ይገባል። ዓመት የሸመነውን በልቶና ቆጥቦ፣ ስጦታ ይዞ፣ ለዮ ማስቃላ። የተማሪዬ አባት በዓመት የሚጓዙት አንዴ ነው። አንድም ገጽ ጽፈው አያውቁም። የጉዞ ትርጉም የገባው ከሁለቱ ማን ነው ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ያኔ አውቶቡሱ ውስጥ ነው።

የዶርዜን ቤት በፎቶ ያላየ የለም። ቀርከሃው እንደ ቅርጫት ተጎንጉኖ የዝሆን ፊት የሚመስል ረጅም ቤት ነው። ሥሩን ምስጥ ሲበላው ቤቱ እያጠረ ይሄዳል፤ ካስፈለገም ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞ ሌላ ቦታ ይተክለዋል። ከአንዱ ቤት ደጃፍ ላይ አርባ ምንጭን ለሰንበት ሊያዩ የመጡ አውሮፓውያን ተማሪዎች ደረስንባቸው። አስጎብኚው ቆጮውን በማርና በዳጣ አቀረበላቸው፣ ፈታይዋን አሳያቸው፣ ሸማኔውን አሳያቸው። አንዷ ልጅ ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች። ምን እንደጻፈች አላየሁም፤ ግን የገመትኩ ይመስለኛል። ተማሪዬን በጎን አየሁት፣ እሱም አየኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም።

ሁሉም እንግዳ እንዲህ አይቶ አይሄድም። ፈረንሳዊው ዳን ስፔርበር በወጣትነቱ ዶርዜ ተቀምጦ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. ስለ ተምሳሌት ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ዶርዜዎች፣ ነብር ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል አሉት። ዝም ብሎ ቢጽፈው አንድ «አስደናቂ» ነበረች። እሱ ግን ከዚያ አልፎ አስተዋለ፤ ይህንኑ የሚለው ዶርዜ ረቡዕና ዓርብም ከብቱን ከነብር ይጠብቃል። ታዲያ ማመን ማለት ምን ማለት ነው? መጽሐፉ የተወለደው ከዚህች ጥያቄ ነው። ልዩነቱ የቆይታው ርዝመት ብቻ አይደለም። ሁለት ቀንም ቢሆን አንድ ጥያቄ ይበቃል።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ልጁ ለአባቱ የሊዮንን ፎቶዎች በስልኩ አሳያቸው። አባትየው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ያዩት ሕንፃውን አይደለም። ድሩ እንዴት እንደተወጠረ፣ ማጉ ከየት እንደሚገባ፣ ጥለቱን የሚመርጠው ምን እንደሆነ ጠየቁ። ልጁ ስለ ተበሳው የጃካርድ ካርድ ያስታወሰውን ነገራቸው። ከዚያ፣

«ሸማኔው ስንት ነው የሚያገኝበት?» አሉ።

ልጁ አያውቅም። ሙዚየሙ ግን ይህንኑ ይነግረው ነበር፣ ቢጠይቅ። በ1831 እ.ኤ.አ. የሊዮን ሸማኔዎች ነጋዴው ለአንድ ሥራ የሚከፍለው ዝቅተኛ ዋጋ ይወሰንልን ብለው ተነሡ። ዋጋው ተወስኖ ነጋዴዎቹ አንከፍልም ስላሉ ከተማዋን ለጥቂት ቀናት ተቆጣጠሯት፤ ወታደር መጥቶ አስለቀቃቸው። በ1834ም እንደገና ተነሥተው ብዙ ደም ፈሰሰ። ጥጡን ገዝቶ፣ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከቶ ሲረግጥ ውሎ፣ ነጠላውን ነጋዴው በቆረጠለት ዋጋ የሚያስረክብ የሽሮሜዳ ሸማኔ ይህን ታሪክ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

አባትየው ሁለተኛ ጥያቄ ጠየቁ። «አሁን ማን ይሠራበታል?»

«አሁንማ ለጎብኝ ነው አባዬ። አንድ ሰው እየሠራ ያሳያል።»

ዝም አሉ። ስልኩን መለሱለትና፣ «እኛም ወደዚያው ነን» አሉ።

ይህን ካሉ በኋላ ስለ ሌላ ነገር ነው የተወራው። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ገበያው ጥለት በታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ተሞልቷል፤ ከሩቅ ላየው የሀበሻ ልብስ ነው፣ መወርወሪያ ግን አልነካውም። የሸማኔ ልጅ እንኳ «በዓይኔ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» ብሎ ከጻፈ፣ ዶርዜም አንድ ቀን መግቢያ ከፍለን የምናያት፣ አንድ ሰው ብቻ እየሠራ የሚያሳይባት ኮረብታ ትሆናለች። ያን ጊዜ ሁላችንም «አስደናቂ» እንላለን።

ወጣቶች አይጓዙ እያልኩ አይደለም። ይጓዙ እንጂ! በሌሊት አውቶቡስም ቢሆን ይጓዙ። ግን የሌላውን አገር ለማየት የሚያስችለው ዓይን ከቤት ይዘውት የሚሄዱት ነው። ሊዮን ውስጥ በዚያ ቀን ከገቡት ጎብኚዎች ሁሉ ያንን መሣሪያ በሙያ ዓይን ሊያይ የሚችለው ምናልባት የኔው ተማሪ ብቻ ነበር። ያን ዓይኑን ጨፍኖ የሌሎቹን ተዋሰ። እንዲጨፍነው ያስተማርነው ደግሞ እኛ ነን።

ሰሞኑን ደወለልኝ። ስለ አባቱ አሥር ገጽ ጽፏል። «ጋሼ፣ የት ላስገባው? ከሊዮን በፊት ወይስ በኋላ?» አለኝ።

«በፊት» አልኩት። «መቅድሙንም እጽፋለሁ። ያችን ‹የመጀመሪያዬ ነው› የምትለዋን ዐረፍተ ነገር ግን ቀድመህ ሰርዝ።»