የአባ አዛይስ «አምስት ዓመታት» እና ያልተነበቡት መቃብሮቻችን

በዳንግላ የእስልምናን ታሪክ ሳስተምር ደረሶች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች እ.ኤ.አ. በ615 ወደ ነጃሺ ምድር መጡ እንላቸዋለን፤ ከዚያም በአንድ እርምጃ ተሻግረን እ.ኤ.አ. በ1529 ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ወደተዋጉበት ሽንብራ ኩሬ እናደርሳቸዋለን። «በመካከሉ ያሉት ዘጠኝ መቶ ዓመታትስ የት ገቡ?» ይላሉ። ኪታብ የሚሰጠን መልስ አለ፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ካይሮ ሆኖ የጻፈው አል-ዑመሪ ኢፋትን፣ ደዋሮን፣ ሀድያንና ባሌን ጨምሮ የሰባት ሙስሊም መንግሥታትን ስም ዘርዝሯል። ከመሬት የሚገኘው መልስ ግን ድንጋይ ነው። ድንጋዩን በመጽሐፍ መልክ ቀድመው ካቀረቡልን አንዱ የአባ ፍራንሷ በርናርዲን አዛይስና የሮዤ ሻምባር «የአምስት ዓመታት የአርኪዮሎጂ ምርምር በኢትዮጵያ» ስለሆነ፣ ይህ ሥራ በእኛ ሚዛን ሊመዘን ይገባል።

ዘመኑ የአሳሾች ዘመን ነበር። ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት የዓረብን በረሃ ያሰሰው የብሪታንያ ቆንስል ቺዝማን፣ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 መቀመጫውን እዚሁ ዳንግላ አድርጎ የዓባይን ሸለቆ በካርታ ላይ ያሰፍር ነበር። እርሱ የተከተለው የወንዙን አካሄድ ነው። የካፑቺን ማኅበር መነኩሴው አዛይስና ባልደረባው ሻምባር ደግሞ በ1920ዎቹ ከሐረርጌ ተነሥተው እስከ ደቡብ ድረስ የፈረሱ ከተሞችን፣ መቃብሮችንና ትክል ድንጋዮችን ፈለጉ። ውጤቱ በ1931 ፓሪስ ላይ በሁለት ጥራዝ ታተመ፤ አንዱ ጽሑፍ፣ ሌላው የሥዕልና የፎቶግራፍ ጥራዝ ነው።

ከወገኖቻችን አንዳንዱ «ጸሐፊው ሚስዮናዊ ነውና ቃሉ አይቆጠርም» ይላል። ይህ ፍትሕ አይደለም። የሐዲስ ሊቃውንት ጀርህ ወ ተዕዲል ብለው ያቆሙልን ሥርዓት ዘጋቢን በስሜት መጣል አይፈቅድም፤ ያየውን ከገመተው መለየትን ይጠይቃል። አዛይስ ያየው ሪዋያ ነው፤ የገመተው ረእይ ነው። በሪዋያው በኩል መጽሐፉ ባለውለታችን ነው። በጨርጨርና በአካባቢው የተገኙ፣ ከነሱም መካከል ከ13ኛው ክፍለ ዘመን የሆኑ የዓረብኛ መቃብር ጽሑፎች በዓረብኛ ሊቁ በፖል ራቬስ ተጠንተው በዚሁ ሥራ ውስጥ ታትመዋል። ከኢማም አሕመድ ዘመን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ በዚያ ደጋ ሙስሊም እንደተቀበረና ስሙ በዓረብኛ እንደተጻፈለት ለደረሳ ማሳየት የሚቻለው በዚህ ነው።

ድክመቱ ያለው በአደራደሩ ነው። የራቬስ ጥናት በጽሑፉ ጥራዝ መጨረሻ አካባቢ ተቀምጧል። ቀን፣ ስምና የአባት ስም የያዘው ምስክር፣ ቃል የማይናገሩት ድንጋዮች በብዙ ገጽ ከተተረኩ በኋላ ይመጣል። በሚዛኑ ቢሆን ኖሮ ዘመኑ የታወቀው ቀድሞ፣ ዘመኑ ያልታወቀው በእርሱ ላይ ተመሥርቶ በተነገረ ነበር።

ሁለተኛው ነገር የሐርላ ጉዳይ ነው። የሐረርጌ ሰው ፍርስራሹን ሁሉ «የሐርላዎች ነው» ይላል፤ ሐርላዎችም ግዙፍ ሰዎች ነበሩ ይባላል። አዛይስ ይህን ቃል ሰምቶ ጽፎታል፤ መጻፉም መልካም ነው። ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ እኛም አፈ ታሪኩን እየደገምን ከማውራት በቀር ስንመረምረው አልታየንም። ቲሞቲ ኢንሶል የመራው ቡድን ከ2015 ጀምሮ በድሬዳዋና በሐረር መካከል ባለችው ሐርላ ሲቆፍር ያገኘው የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጂድ፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ፣ ከውጭ የመጣ ዶቃና የቻይና ሸክላ ነው። ያ ከተማ የግዙፋን ሳይሆን እጁ የተባ፣ ከህንድ ውቅያኖስ ጋር የሚነግድ፣ የሚሰግድ ሕዝብ ከተማ ነበር። በእኛው ክልልም ከሸዋ ደጋ ወደ አዋሽ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ያሉት የኢፋት ከተሞች ኖራ፣ አስባሪና መሳል፣ በፎቬልና በሂርሽ ቡድን ተጠንተው ውጤቱ የታተመው በ2006 ነው። ከአዛይስ መጽሐፍ ሰባ አምስት ዓመት በኋላ ማለት ነው። በትግራይ ኲሓ አጠገብ ያሉት የዓረብኛ መቃብር ድንጋዮች ደግሞ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 12ኛው ይደርሳሉ። ደረሶቼ የጠየቁት ክፍተት ባዶ አልነበረም።

እስካሁን የመዘንነው ሌላውን ነው፤ አሁን ራሴን ልመዝን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሟን በማልጠቅሳት አንዲት መንደር መስጂዱ ሲታደስ፣ ከአሮጌው መቃብር የተነሣ ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ከውዱእ ማድረጊያው መሠረት ገባ። ቀድሞ ፈትዋ የተጠየቅሁት እኔ ነበርሁ። በመቃብር ላይ መገንባትንና መጻፍን የሚከለክለውን ሐዲስ ጠቅሼ «ይነሣ» አልኋቸው። ስደርስ ከሲሚንቶው ውጭ የቀረው «ኢብን» የሚለው ቃል ብቻ ነበር። የማን ልጅ እንደሆነ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ሐዲሱን አልክድም። ነገር ግን አል-ሓኪም በሙስተድረክ፣ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ያሉ የሙስሊም ኢማሞች መቃብር ተጽፎበት እንደሚገኝ አስተውሏል፤ አዝ-ዘሀቢ ይህን እንደ ማስረጃ አልተቀበለውም። ክርክሩ ስለ መጻፍ ነው፤ የተጻፈውን ሳያነቡ ማጥፋት ግዴታ ነው ያለ ግን ከሁለቱም የለም። እኔ የፈረድሁት ሳላነብ ነው። አዛይስ ቢያንስ ፎቶግራፍ አንሥቶ ነበር።

ስለዚህ ለኢማሞችና ለመምህራን የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። አንቆፍር፤ ቁፋሮ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደንግጓል፤ የሙታንም ክብር አለ። መስጂድ ከመፍረሱ፣ መቃብር ከመስተካከሉ በፊት ግን ድንጋዩ ይታጠብ፣ ፎቶግራፍ ይነሣ፣ ፊደሉ እንዳለ ይገልበጥ፣ ቦታውም ይመዝገብ። በአገራችን ጎጃም የእኛ ነጋዴዎች ዓባይን ተሻግረው በባሶ ገበያ ሲነግዱ እንደኖሩ የታወቀ ነው። በዚያ መንገድ የሞተው የት እንደተቀበረ የሚጠይቅ እስካሁን አላየሁም። ዓረብኛ ማንበብ የሚችል ደረሳ በየመንደሩ አለንና፣ ራቬስን ከፓሪስ መጠበቅ አያሻንም።