ከሰማይ የወረደው መጻተኛ

ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ መቀመጫው አጠና፣ መስኮቱ በጥቁር ላስቲክ የተሸፈነ። የሰንበት ትምህርት ልጆች ወደዚያ እንዳንረግጥ ተነግሮናል፤ እኔ ረግጫለሁ። ከጠፈር ወረራ ፊልሞች መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ነው፤ «ኢንዲፔንደንስ ደይ»፣ የ1996ቱ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከተማ የሚያህል መንኮራኩር በዋይት ሀውስ አናት ላይ ቆሞ በአንድ ጨረር ሲያጋየው፣ ከፊቴ የተቀመጡት ጎረምሶች አጨበጨቡ። ሕንፃው የማን እንደሆነ ያውቃሉ። ወራሪዎቹ ክፉዎች መሆናቸውንም ያውቃሉ። ግን አጨበጨቡ።

ያ ጭብጨባ ዓመታት አብሮኝ ቆይቷል። ዛሬ የወጣቶች አስተማሪ ነኝ፤ እናንተም እነዚህን ፊልሞች በፍላሽና በቴሌግራም ትቀባበላላችሁ፣ ከፕሮግራም በኋላም «አስተማሪ፣ ኤሊየን አለ?» ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ለዚህ ሳይንቲስቶቹ ይጨነቁበት። እኔን የሚይዘኝ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ፊልሙ «ይህን ፍሩ» ብሎ የሚያሳየን ማንን ነው? ይህን ይዛችሁ ፊልሞቹን በየዘመናቸው ብትመለከቱ፣ ከሰማይ የሚወርደው ፍጡር መልኩን ሲለዋውጥ ታያላችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከፊልም በፊት ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ «የዓለማት ጦርነት» የተባለውን ልብ ወለድ በመጽሐፍ መልክ ያወጣው በ1898 ነው። የማርስ ፍጡራን እንግሊዝ ምድር ላይ ያርፋሉ፤ በሦስት እግር በሚሄዱ ማሽኖች ላይ ሆነው በሙቀት ጨረርና በመርዝ ጭስ ሕዝቡን ይፈጁታል። ጊዜውን ልብ በሉ። አድዋ ከሆነ ሁለት ዓመቱ ነው። በዚያው በ1898 በእንግሊዝ የሚመራ ጦር ኦምዱርማን ላይ በማክሲም መትረየስ በአንድ ጧት 10 ሺህ ያህል ሱዳናውያንን ገድሏል፤ ከራሱ የሞቱበት ሃምሳ ያህል ናቸው። ዌልስም ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ከአውሮፓ የሄዱ ሰፋሪዎች ያጠፉትን የታዝማኒያን ሕዝብ ለአንባቢው ያስታውሰዋል። እኛ በሌላው ላይ ያደረግነውን ማርሶቹ ቢያደርጉብን፣ በምን አፋችን እናማርራለን? ለንደን ውስጥ እሳት ዳር ተቀምጦ ለሚያነብ ሰው ይህ የሚጎመዝዝ ጥያቄ ነው። ወራሪዎቹን በመጨረሻ የሚጥላቸው መድፍ አይደለም፤ ዓይን የማያያቸው ጀርሞች ናቸው።

በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ረዳት ቄስ አለ። ፈሪ ነው፣ ሆዱን አይችልም፣ በመጨረሻም አእምሮውን ይስታል። ዌልስ ለቤተ ክርስቲያን ሰው አይራራም። ይህን ቄስ ያዙልኝ።

መጽሐፉ ሆሊውድ የደረሰው በ1953 ነው፤ ፕሮዲውሰሩ ጆርጅ ፓል፣ ዳይሬክተሩ ባይረን ሃስኪን። ታሪኩ ወደ ካሊፎርኒያ ተዛውሯል፤ ፈሪው ቄስም ሌላ ሰው ሆኗል። ፓስተር ኮሊንስ እነዚህ ፍጡራን ከእኛ የሚበልጡ ከሆነ ለፈጣሪም ይበልጥ የቀረቡ ሊሆኑ ይገባል ብሎ ያስባል። ከወታደሮቹ ምሽግ ወጥቶ፣ መስቀል ያለበትን መጽሐፉን ከፍ አድርጎ፣ መዝሙር 23ን እየደገመ ብቻውን ወደ ማሽኖቹ ይራመዳል። ያቃጥሉታል። ይህን ትዕይንት ለወጣቶች ባሳየሁ ቁጥር ክርክር ይነሳል፤ ገሚሱ ሰማዕት ነው ይላል፣ ገሚሱ የዋህ። ፊልሙ ራሱ የወሰነ አይመስለኝም፤ የምወደውም ለዚህ ነው።

መጨረሻውን ግን አልወደውም። አቶሚክ ቦምብ ተጥሎ አንዳች ሳይጎዳቸው ቀርቶ፣ የሎስ አንጀለስ ሕዝብ በአብያተ ክርስቲያናት ተጠልሎ ሲጸልይ፣ ወራሪዎቹ በጀርም እየሞቱ ከደጁ ይወድቃሉ። ልባችሁ ይነካል፤ የእኔም ይነካል። ነገር ግን የታዝማኒያ ጥያቄ የት ገባ? ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ነው፤ አሜሪካ እግዚአብሔርን ከሚክድ ጠላት ጋር ተፋጥጣለች። ዌልስ አንባቢውን በወራሪው ወንበር አስቀምጦት ነበር። ፊልሙ ተመልካቹን አንስቶ በምዕመናኑ መካከል አስቀመጠው፤ ከዚያ ወዲያ «እኛስ ምን አደረግን?» የሚል አልተገኘም።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1951፣ ሮበርት ዋይዝ «ዘ ደይ ዘ ኧርዝ ስቱድ ስቲል» የተባለውን ሠርቶ ነበር። ክላቱ የሚባል መልእክተኛ ዋሽንግተን ላይ ይወርዳል፤ በሰዎች መካከል ሲኖር የሚጠራበት ስም «ካርፔንተር»፣ አናጺ ማለት ነው፤ ይገደላል፣ ይነሳል፣ ወደ ሰማይ ይሄዳል። የስክሪፕቱ ጸሐፊ ኤድመንድ ኖርዝ ተምሳሌቱን ሆን ብሎ ማስገባቱን ተናግሯል። የሆሊውድ ሳንሱር ደግሞ ሕይወትና ሞት በፈጣሪ እጅ ብቻ መሆናቸውን የሚገልጽ ንግግር እንዲጨመር አስገድዷል። ይህን ፊልም ለስብከት ምሳሌ የሚጠቀሙ ወንድሞች አጋጥመውኛል። ቀስ በሉ እላለሁ። የክላቱ የመጨረሻ መልእክት ጠባችሁን ወደ ጠፈር ይዛችሁ ብትመጡ ምድራችሁ ዐመድ ትሆናለች የሚል ነው። ሰላም በዛቻ የሚያመጣ አዳኝ ስም ስለተመሳሰለ ብቻ የወንጌል ምሳሌ አይሆንም። እንደ ፊልም ግን ከዘመኑ ሁሉ ደፋሩ ነው፤ መጀመሪያ የሚተኩሰው የሰው ልጅ ነውና።

በ1956 «ኢንቬዥን ኦቭ ዘ ቦዲ ስናቸርስ» መጣ፤ ወራሪው የጎረቤታችሁን መልክ ይዞ ከትልልቅ የተክል ፍሬ ውስጥ ይወጣል። ገሚሱ ኮሙኒዝምን ፍሩ ይላል ብሎ አነበበው፤ ሌላው ኮሙኒስት ፍለጋ ሁሉንም ሰው አንድ ዓይነት ያደረገውን ፍርሃት ያሳያል አለ። ከቬትናም ጦርነትና ከዋተርጌት ቅሌት በኋላ ደግሞ ፍርሃቱ ወደ መንግሥት ዞረ። በስቲቨን ስፒልበርግ «ኢ.ቲ.» ውስጥ አስፈሪዎቹ ቁልፍ እያንቃጨሉ በሌሊት የሚፈልጉት ሰዎች ናቸው፤ እንግዳውን የሚሸሽገው ሕፃን ነው። ይህ በሰኔ 1982 ወጣ። በዚያው ወር የጆን ካርፔንተር «ዘ ቲንግ»፣ በደቡብ ዋልታ ማን ሰው ማን ጭራቅ እንደሆነ የማይለይበት ጨለማ ፊልም፣ ታይቶ ከሰረ። ሕዝቡ ያን ሰሞን እንግዳውን ማቀፍ ነበር የፈለገው።

ወደ ቪዲዮ ቤቱ ልመለስ። «ኢንዲፔንደንስ ደይ» ብዙ ትንታኔ አይሸከምም። የሶቪየት ኅብረት ፈርሳለች፤ አሜሪካ ጠላት አጥታ ከሰማይ አስመጣች፤ የዌልስም ጀርም የኮምፒውተር ቫይረስ ሆኖ በላፕቶፕ ተላከ። በ1953 ሰዎቹ አቅማቸው ሲያልቅ ይጸልያሉ፤ በ1996 ኢንጂነር ይጠራሉ። የእነዚያ ጎረምሶች ጭብጨባ ግን ኋላ ላይ ገባኝ። ዌልስን አላነበቡም። ኃያሉ አንድ ቀን ደካማው የሚቀምሰውን ሲቀምስ ማየት ፈልገው ነው። ፊልሙ ያልጠየቀውን ጥያቄ እነሱ በመዳፋቸው ጠየቁት። ደስታቸው ንጹሕ ነበር እያልኩ አይደለም፤ እዚያ ሕንፃ ውስጥ ሰዎች ነበሩ።

አሁን ብዙዎቻችሁ «የኛ ፊልም» ወደምትሉት ልምጣ፤ የኤም. ናይት ሺያማላን «ሳይንስ»፣ ትርጉሙ «ምልክቶች»፣ የ2002። ግራሃም ሄስ ሚስቱ በመኪና አደጋ ከሞተች በኋላ ክህነቱን የተወ ሰው ነው። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ከሁለት ልጆቹና ከወንድሙ ጋር በእርሻ ቤት ይኖራል። የዓለም ወረራ በቴሌቪዥን ወሬ ይሰማል እንጂ አይታይም፤ ይህ ብልህነት ነው። በመጨረሻ ትንሿ ልጅ በየቦታው የተወችው የውሃ ብርጭቆ፣ የወንድሙ የቤዝቦል ዱላ፣ የልጁ አስም፣ የሚስቱ የሞት አልጋ ቃል ሁሉም ይገጣጠማሉ፤ ሰውየውም ወደ ክህነቱ ይመለሳል።

ብትቆጡኝም እናገራለሁ፤ ይህ መጨረሻ ደካማ ነው። ውሃ የሚያቃጥላቸው ፍጡራን ሦስት አራተኛው ውሃ ወደሆነ ፕላኔት ለምን መጡ የሚለውን ቀልድ ልተወው። የሚከብደኝ ሌላ ነው። የእግዚአብሔር ጥበቃ እንደ መቆለፊያ ቁልፍ ከገጠመ ብቻ የሚታመን ከሆነ፣ ያልገጠመላትስ እናት ምን ትበል? አስሙ ያላዳነው፣ የገደለው ልጅ ቤትስ? በጉባኤያችን እንዲህ ያሉ ቤቶች አሉ፤ ሄዳችሁ አብራችሁ ተቀምጣችኋል።

በዚሁ ፊልም ውስጥ ግን ከመጨረሻው የሚበልጡ ሁለት ትዕይንቶች አሉ። አንዱ የራት ገበታው ነው። ምናልባት የመጨረሻቸው የሆነውን ምግብ ሊበሉ ሲሉ ልጁ እንጸልይ ይላል፤ አባት ከእንግዲህ ለጸሎት አንዲት ደቂቃ እንደማያባክን ይጮኻል፤ ከዚያ ሁሉም እያለቀሱ ይተቃቀፋሉ። ሁለተኛው በምድር ቤቱ ጨለማ ውስጥ ነው። ልጁ ትንፋሽ አጥሮት በአባቱ ደረት ላይ ሲታገል፣ አባት ወደ ላይ እንደሚጠላው ይናገራል። ለማን ነው የተናገረው? የለም ላለው። ብዙ ሰው ይህን ክህደት ነው ብሎ ያልፈዋል፤ እኔ ከስድስት ወር ወዲህ የጸለየው የመጀመሪያ ጸሎቱ ነው እላለሁ። የመዝሙረ ዳዊትን የለቅሶ ክፍሎች ያነበበ ሰው ድምፁን ያውቀዋል። ፊልሙ እዚያ ቢያቆም ምን ነበረበት!

ቄሱን ያዙልኝ ብዬ ነበር። ስፒልበርግ በ2005 «የዓለማት ጦርነት»ን እንደገና ሲሠራ ቄስም ፓስተርም አላስገባም። የመጀመሪያው ማሽን አስፋልት ሰንጥቆ ሲወጣ ግን የቤተ ክርስቲያን ፊት ለሁለት ይከፈላል። በ1953 መጠለያ የነበረው ሕንፃ በ2005 መጀመሪያ ከሚፈርሱት አንዱ ነው። ከመስከረም 11ዱ ጥቃት ገና አራት ዓመቱ ነበር፤ ቶም ክሩዝ የሙታን ዐመድ ልብሱ ላይ ተነስንሶ ወደ ቤት ሲገባ የኒው ዮርክን ምስል ያላስታወሰ አልነበረም።

ዌልስ የጠየቀውን ጥያቄ መልሶ ያመጣው የአፍሪካ ፊልም ነው፤ የኒል ብሎምካምፕ «ዲስትሪክት 9»፣ የ2009። አስቀድሜ ላስጠንቅቅ፦ ስድቡም ደሙም ብዙ ነው፤ ለታዳጊዎች አይሆንም፤ እኛም ያየነው ከፍ ካሉት ጋር ብቻ ነው። አንድ መንኮራኩር በ1982 በጆሃንስበርግ ሰማይ ላይ ደርሶ ይቆማል፤ ከውስጡ የተራቡና የታመሙ ፍጡራን ይወጣሉ። መጠለያው ቆርቆሮ ቤቶች የሞሉበት ሰፈር ይሆናል፤ ሰዎቹም እንግዶቹን የባሕር ተባይ በሚመስል ስም ይጠሯቸዋል። ቪኩስ የተባለ ቢሮክራት በየደጁ እያንኳኳ የማፈናቀያ ወረቀት ያስፈርማቸዋል። ስሙ የተወሰደው በኬፕታውን ከነበረው ዲስትሪክት ሲክስ ነው፤ በ1966 የነጮች ክልል ተብሎ ከ60 ሺህ በላይ ሰው የተነቀለበት። (መንኮራኩሩ ሥራ ፈቶ ሰማይ ላይ መቆሙ «ክራምብስ»ን ያስታውሰኛል፤ በ2015 ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በአማርኛ የሠራው፣ ዳንኤል ታደሰ የሚተውንበት። በአፍሪካ ሰማይ የጠፈር መርከብ ለምን ተበላሽቶ እንደሚቆም አስቡበት።)

ብሎምካምፕ ከዚህ በፊት በ2005 በሠራው አጭር ፊልም ላይ ለጆሃንስበርግ ነዋሪዎች ስለ ስደተኞች ጥያቄ አቀረበ፤ ከሌላ የአፍሪካ ሀገር ስለመጡት። ሰዎቹ እውነተኛ ስሜታቸውን ተናገሩ፤ እሱም ንግግራቸውን ስለ ኤሊየን የተባለ አስመስሎ አስገባው። «ይሂዱልን» የሚለው ድምፅ ትወና አልነበረም። በግንቦት 2008 በዚያው ሀገር በስደተኞች ላይ በተነሳው ጥቃት ከ60 በላይ ሰው ተገድሏል።

ፊልሙ ራሱም ከዚህ በሽታ አልዳነም። ናይጄሪያውያንን ሥጋ የሚበሉ ጠንቋይ ወንበዴዎች አድርጎ ያቀርባል፤ የናይጄሪያ መንግሥት ፊልሙ በሲኒማ ቤቶቹ እንዳይታይ መጠየቁ አይገርምም። ለአንዱ መጻተኛ የሚሟገት ሰው በሌላው ላይ እንዴት ጭራቅ እንደሚሠራ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላየሁም።

በነገራችን ላይ በአንዳንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱሶች ዘሌዋውያን 19 ላይ «ኤሊየን» የሚል ቃል ታገኛላችሁ። የእኛው «እንግዳ» ወይም «መጻተኛ» ይለዋል።

ከሆሳዕናና ከአካባቢው ስንት ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሄደ ታውቃላችሁ፤ ከእኛም መካከል ወንድም የሌለው ጥቂት ነው። ፊልሙን ስናይ አንዲት እህት ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ወንድሟ በአንድ የከተማ ዳር ሰፈር ሱቅ ነበረው፤ ተዘርፎ፣ በሌሊት በጣራ አምልጦ፣ ሌላ ቦታ እንደገና ጀምሯል። በፊልሙ መጨረሻ ቪኩስ ራሱ ወደ ፍጡርነት ተለውጦ፣ በቆሻሻ ክምር ላይ ተቀምጦ፣ ለሚስቱ ከብረት ቁርጥራጭ አበባ ይሠራል። መብራት አበራን። ሌሎቹ ስለ መሣሪያዎቹ ማውራት ጀመሩ። እሷ እጇን አነሳችና «አስተማሪ፣ የአበባዋን ቦታ እስቲ ይመልሱልን» አለችኝ።

መለስኩላቸው።